ምንጣፉን አንሱትና ወለሉን አሳዩን

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ሰሞኑን ደላሎች በቴሌግራም የሚለጥፉትን የኪራይ ማስታወቂያ አይታችሁልኛል? «ሁለት ክፍል፣ ሐኪም ጋራ ሥር፣ ሙሉ ምንጣፍ የተነጠፈ» ይላል አንዱ። ሌላው ደግሞ «ወለሉ ጣውላ የሆነ፣ ዘመናዊ» ይላል። ከሥሩ ዋጋው አለ። ምንጣፍ ካለ ይጨምራል፣ «ጣውላ» ከተባለ ደግሞ ጭራሽ አይነካም። ውሃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ፣ ሽንት ቤቱ ለስንት ሰው እንደሆነ አንድም ቃል የለም። ወለሉ ካማረ በቃ ቤቱ አማረ!

«መምህር ደግሞ ስለ ወለል መጻፍ ጀመረ» የምትሉ አትጠፉም። አዎ ጀመርኩ። ልጅ የሚድኸው ጣሪያ ላይ አይደለም። እናት ጎንበስ ብላ የምትውለው ወለል ላይ ነው። እኛ የሐረር ሰዎች ደግሞ ከሌላው አገር ይልቅ ወለል ላይ እንኖራለን፤ የምንበላው፣ ቡና የምንጠጣው፣ እንግዳ የምንቀበለው ፍራሽና መከዳ አድርገን መሬት ላይ ተቀምጠን ነው። ስለዚህ የወለል ነገር የጌጥ ጉዳይ አይደለም። የጤና፣ የውሃና የገንዘብ ጉዳይ ነው።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር፣ በኋላ «ምን ማለትህ ነው» እንዳትሉኝ። ከግድግዳ ግድግዳ በሙጫ የተለጠፈ ምንጣፍ በኪራይ ቤት ውስጥ ቦታ የለውም። አሁን «ጣውላ» እየተባለ የሚሸጥልን ነገርም ለአብዛኛው የሐረር ቤት አይሆንም። አከራይ ማቅረብ ያለበት ደረቅ፣ ያልተሰነጠቀ፣ በእርጥብ ጨርቅ የሚወለወል ወለል ነው። ከላዩ የሚነጠፈውን ተከራዩ ራሱ ይምረጥ፤ ሲወጣም ጠቅልሎት ይውጣ። አለቀ።

አሁን ምክንያቴን ልዘርዝር።

1ኛ፦ ውሃ

የሐረርን ውሃ ነገር ለሐረር ሰው መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ሐረማያ ሐይቅ ስንት ዘመን አጠጥቶን በ1990ዎቹ ዓይናችን እያየ ደረቀ። ዛሬ የምንጠጣው ውሃ ከሩቅ፣ ከድሬዳዋ በኩል ካለው ቆላ በፓምፕ እየተገፋ የሚመጣ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ። ያ ሁሉ ውሃ ሽቅብ ይወጣል ማለት ነው። መብራት ሲጠፋ ውሃ ይጠፋል፣ ፓምፕ ሲበላሽ ውሃ ይጠፋል። ከዚያ ቢጫ ጀሪካን ይዞ መሮጥ ነው።

እንግዲህ አስሉት። አንድ ክፍል ሊሾ ወለል ለመወልወል ግማሽ ባልዲ ውሃ ይበቃል። ያንኑ ክፍል የሞላ ምንጣፍ በደንብ ለማጠብ ግን ስድስት ሰባት ጀሪካን ያስፈልጋል፤ ሳሙናው ወጥቶ እስኪያልቅ ድረስ ማለቴ ነው። ያውም ምንጣፉ የሚነሳ ከሆነ! የተለጠፈ ከሆነማ ወዴት ይወሰዳል? እዚያው ላይ ውሃ ደፍቶ በብሩሽ መፈተግ ነው። ውሃው ወደ ሥር ይገባል፣ ሳይደርቅ ይቆያል፣ ሦስት ቀን ቤቱ እንደረጠበ ውሻ ይሸታል። ስለዚህ ሰው ምን ያደርጋል? አያጥበውም። ዓመት ሙሉ ይጠርገዋል እንጂ አያጥበውም።

ፈረንጅ ቤቱን ሙሉ ምንጣፍ የሚያለብሰው መጥረጊያ ይዞ አይደለም። አቧራ የሚመጥ ማሽን አለው፣ ቀን ከሌት መብራት አለው፣ ውሃው ከቧንቧ አይጠፋም፣ ቤቱ በክረምት በረዶ ነው። እኛ ከእነዚያ ሁሉ ነገሮች ምንጣፉን ብቻ ነው ያመጣነው። ደግሞ እነሱ ራሳቸው እየተዉት ነው። አሜሪካ ያላችሁ ልጆቼ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ በአሮጌ ቤቶች ውስጥ ምንጣፉን ነቅለው ከሥር የተቀበረውን የጥንት ጣውላ እያወጡ የሚያድሱት እነሱ ናቸው። እነሱ የሚነቅሉትን እኛ እንለጥፋለን።

2ኛ፦ ከሰል

ቡና ያለ ከሰል፣ ዕጣን ያለ ፍም የሚሆን አይመስለኝም። ሐረር ውስጥ ደግሞ ዕጣን የማይጨስበት ቤት ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። አንዲት ፍም ከማጨሻው ሾልካ ሊሾ ላይ ብትወድቅ ምን ይሆናል? ምንም። በእግር ገፋ ታደርጋታለህ። ናይለን ምንጣፍ ላይ ብትወድቅስ? ሳትነሳ ቀልጦ ይበሳል፣ ጠርዙ ይጠቁራል፣ ጭሱ ያስላል። ቤት ሙሉ የተለጠፈ ከሆነ ደግሞ እሳቱ መንገድ አግኝቶለታል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ተከራይ ሊወጣ ሲል አከራይ ጎንበስ ብሎ ቀዳዳ ይቆጥራል። ሰውዬ፣ ሰው የሚኖርበትን ቤት ነው ያከራየኸው ወይስ ሙዚየም?

3ኛ፦ ደረት

በዚህ ጉዳይ መቀለድ አልፈልግም። ልጄ ሁለት ዓመት ሲሆናት ሌሊት ሌሊት ታስል ጀመር። ሽሮፕ ሰጠናት፣ ተሻላት፣ መለሰባት። በመጨረሻ አንዲት የጤና ባለሙያ መድኃኒት ከማዘዟ በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቀችን፦ «የምትተኛበት ክፍል ምን ተነጥፎበታል?» የነበርንበት የኪራይ ቤት ሙሉ ምንጣፍ የተለጠፈበት ነበር። እንዳንነቅለው ውላችን ይከለክላል። ቤት ቀየርን፣ ሳሉ ቀነሰ። በእርግጥ ሌላም ምክንያት ሊኖረው ይችላል። የባለሙያዋ ጥያቄ ግን አይረሳኝም።

ነገሩ ምንድነው? በዓይን የማይታዩ፣ ከሰው ቆዳ የሚረግፈውን ብናኝ የሚበሉ ጥቃቅን ነፍሳት አሉ። ፍራሽ፣ ብርድ ልብስና ምንጣፍ ውስጥ ይራባሉ፤ እርጥበት ይወዳሉ። ቆሻሻቸው አስምና አለርጂ ያለበትን ሰው ያስነሳበታል። እነሱን በደንብ የሚገድላቸው 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በደረሰ ሙቅ ውሃ ማጠብ ነው፤ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ማራገፍም ይረዳል። ታዲያ የተለጠፈ ምንጣፍ እንዴት ተደርጎ ፀሐይ ላይ ይሰጣል? ቤቱን ነው የምናሰጣው?

«ምንጣፍ እኮ አቧራውን ይይዘዋል፣ ባዶ ወለል ላይ ግን ይቦናል» የሚል ክርክር አለ። ውሸት አይደለም። አቧራውን የሚይዘው ግን ጓደኛ ሊሆነው አይደለም፤ አንድ ቀን ይወጣል። በጭራ መጥረጊያ ደረቁን ሲጠረግ ያ ሁሉ የተጠራቀመ ተነስቶ አየር ላይ ይንሳፈፋል። የማን አፍንጫ ውስጥ ይገባል? የምትጠርገዋ ሴትና መሬት ላይ የሚጫወተው ልጅ አፍንጫ ውስጥ። ወለል የሚመርጠው ብዙ ጊዜ ወንዱ ነው፣ የምታጸዳው ሴቲቱ ናት። ይህንን እዚህ ላይ አስምሩበት።

4ኛ፦ ከሥሩ ያለው

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ብዙ አከራዮች ምንጣፍና ፕላስቲክ ንጣፍ የሚለጥፉት ለተከራዩ ምቾት አስበው አይደለም። የተበላሸ ወለል ለመሸፈን ነው።

ወለል በአግባቡ ሲሠራ መጀመሪያ መሬቱ ይጠቀጠቃል፣ ድንጋይ ይደረደራል፣ ፕላስቲክ ይነጠፋል፣ ከዚያ ኮንክሪት ይሞላል፣ መጨረሻ ላይ ሊሾ ይለሰናል። ብዙ ሰው ያንን ፕላስቲክ ለመቆጠብ ይዘለዋል። ያኔ የኩራዝ ክር ላምባ እንደሚስብ ሁሉ ሲሚንቶው የመሬቱን እርጥበት ይስባል። ወለሉ ባዶ ከሆነ እርጥበቱ ይተናል፤ ቢያንስ ይታያል። በላዩ ፕላስቲክ ወይ ምንጣፍ ከተለጠፈ ግን መውጫ ያጣል። ከሥር ይሻግታል። እናንተ ከላይ ዕጣን ታጨሳላችሁ፣ ከሥር ሻጋታው ይራባል።

ከዚያ ቤት ስንወጣ አከራዩ የምንጣፉን ጥግ ገልጦ ጥቁር ነገር አየ። «አበላሽታችሁብኛል» ብሎ ያስያዝነውን ገንዘብ አስቀረ። ጥቁሩ ግን የመጣው ከላይ አይደለም፣ ከመሬት ነው። በምንጣፉ ጀርባ ነበር እንጂ በፊቱ አልነበረም! አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው። ሰውየው ፕላስቲክ ቆጠበ፣ እኛ ከፈልን። ስንት ተከራይ ከእኛ በፊት ከፍሎ እንደወጣ ደግሞ ግድግዳው ይንገራችሁ።

ሕጉስ? በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አከራይ ቤቱን ለታሰበለት አገልግሎት በሚሆን ሁኔታ ማስረከብና በዚያው ሁኔታ መጠበቅ እንዳለበት ይናገራል። በ2016 የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ አይጠየቅ ይላል። በየትኞቹ ከተሞች እንደሚሠራ የሚወስኑት ክልሎች ናቸው። ግን አዋጅ መኖሩ ብቻ አይበቃም። ውላችን ላይ የወለሉ ሁኔታ ካልተጻፈ ማን ምን እንዳበላሸ በምን ይታወቃል? ውል የምንለው እኮ አንድ ገጽ ወረቀት ናት፤ ግማሿ የተከራይ ግዴታ፣ ግማሿ የምስክሮች ስም!

5ኛ፦ ጣውላ ያልሆነ «ጣውላ»

ስለ ጣውላ ክፉ መናገር አልችልም። ከተማችን ውስጥ ራምቦ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ? የራስ ተፈሪ ቤት የሚባለውስ፣ የሸሪፍ ሙዚየም ያለበት? የሕንድ ነጋዴዎች በዚህች ከተማ ሲኖሩ የነበረው የእንጨት ሥራ ጥበብ እዚያ ይታያል። ደህና የተሠራ እውነተኛ የጣውላ ወለል ስንት ትውልድ ይሻገራል። ሲጫጫር ይላጋል፣ ሰም ይቀባል፣ ይወለወላል፣ እንደገና አዲስ ይሆናል። ሞቃት ነው፣ ለእግር ይመቻል። ለዚህ ክብር እሰጣለሁ።

ዛሬ ሱቅ ውስጥ የሚሸጥልን ግን ያ አይደለም። ተፈጭቶ የተጠቀጠቀ የእንጨት ብናኝ ነው፤ በላዩ የጣውላ ፎቶ ተለጥፎበታል። ፎቶ! ውሃ ከጠርዙ ከገባ እንደ ዳቦ ያብጣል፣ ከዚያ ወዲያ አይላግም፣ አይጠገንም፣ ይጣላል። እኛ ደግሞ ኮሪደር ላይ በርሜል፣ ወጥ ቤት ውስጥ ጀሪካን ደርድረን የምንኖር ሰዎች ነን። ውሃ ሲመጣ ሌሊት ተነስቶ የማይቀዳ ማን አለ? ሲቀዳስ የማይፈስበት? ሳይቸግር ጤፍ ብድር አሉ።

«እሺ እውነተኛውን ጣውላ እናድርግ» ብትሉስ? ዝግባውና ጥዱ ከየት ይምጣ? ለአንድ ሳሎን ስንል የቀረውን ጫካ እንጨርስ? ባሕር ዛፍ አለ፤ ግን በደንብ ካልደረቀ ይጣመማል፣ ምስጥም አይምረውም። ገንዘብም ጥሩ አናጺም ያለው በራሱ ቤት ያድርግ፣ እሰየው። ለኪራይ ቤት ግን መልስ አይሆንም።

ታዲያ መልሱ ምንድነው?

መልሱ ጀጎል ውስጥ ነው፣ አቦ። እዚሁ ከሐኪም ጋራ ቁልቁል ስናየው የሚታየን ግንብ ውስጥ። ዩኔስኮ በ1998 ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ከቆጠራቸው ነገሮች አንዱ የሐረሪዎቹ ባህላዊ ቤት ነው። እኛ ግን ለቱሪስት እናስጎበኘዋለን እንጂ አንማርበትም።

እስቲ ግቡና እዩት። በሩ ላይ ጫማ ይወልቃል። ወለሉ ጠንካራና ልስልስ ነው፣ ቀይ ቀለም የተቀባ፤ ቀዩ በ1879 በጨለንቆ የወደቁትን ደም ለማስታወስ ነው ሲባል ሰምተናል። ከወለሉ ከፍ ከፍ እያሉ የተሠሩት ነደባዎች ለእያንዳንዱ ሰው እንደ ክብሩ መቀመጫ ናቸው። ምንጣፉ የት ነው? በላያቸው ነው። ይነጠፋል፣ ይነሳል፣ ይራገፋል፣ ይጠቀለላል። እንዲያውም ከበሩ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካያችሁ በቤቱ ለትዳር የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው ይባላል። ምንጣፉ የሚነቀሳቀስ ሀብት ነው፤ ከሴት ልጅ ጋር ሊሄድ ይችላል። በሙጫ የተለጠፈ ምንጣፍ ይዛ የሄደች ሙሽራ ግን አልሰማሁም!

የሐረሪ ብቻ አይደለም። የሰሜኑም፣ የመሀሉም፣ የደቡቡም አገራችን ሰው እንዲሁ ነው። ሰሌን ይዘረጋል፣ ይጠቀለላል። የደብረ ብርሃን የበግ ፀጉር ምንጣፍ ይነጠፋል፣ አጥር ላይ ተሰጥቶ በዱላ ይራገፋል። ቄጠማ እንኳ በበዓሉ ቀን ተጎዝጉዞ ሲደርቅ ተጠርጎ ይወጣል። እናቶቻችን ወለሉን በእበት ሲለቀልቁ የሚያድሱት በየጊዜው ነው። ማንም «ይህንን እዚህ ለጥፌ አሥር ዓመት ልተኛበት» አላለም። የማይነሳ ንጣፍ ለእኛ ባዕድ ነው።

ስለዚህ «ጣውላ ወይስ ምንጣፍ» የሚለው ጥያቄ ራሱ የሻጭ ጥያቄ ነው። የኗሪ ጥያቄ «ይታጠባል ወይ? ይነሳል ወይ?» ነው። ሥሩ ጠንካራ፣ ላዩ ተነቃሳቃሽ ይሁን። ሊሾ ይሁን፣ ሴራሚክ ይሁን፣ አቅም ካለ ቴራዞ ይሁን ግድ የለኝም። ጀጎል ውስጥ ያላችሁ የቤት ባለቤቶች ግን፣ አደራ፣ ያንን ቀይ ወለል በሚያንሸራትት ሴራሚክ አትቅበሩት። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም።

መቼም ተቃውሞ አይጠፋም፤ ቀድሜ ልመልስ።

«ሲሚንቶ ይበርዳል።» ይበርዳል፣ በተለይ ጥቅምትና ኅዳር ሌሊት። ለዚህ ነው የሚነሳ ምንጣፍ ያለው። አልጋው ሥርና መቀመጫው ጋ አንጥፉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አውጥታችሁ ፀሐይ ላይ አራግፉ። አረጋውያን ላሉበት ቤትም ይኸው ይሠራል፤ ጠርዙ እንዳያደናቅፋቸው ብቻ ተጠንቀቁ።

«ተከራይ ምን ቸገረው፣ እየከፈለ ያልፋል።» አያልፍም። ከአንዱ ምንጣፍ ወደ ሌላው ምንጣፍ ነው የሚሄደው። ደመወዙን የምታውቁት መምህር፣ ነርስ፣ የቀን ሠራተኛ ነው የሚከራየው። የአንድ ወር ማስያዣ ለእሱ የልጅ ዩኒፎርምና ደብተር ነው።

«አከራይም እኮ ድሃ ነው፣ በጡረታ የሚኖር አለ።» እውነት ነው፣ ለዚህም ነው የምናገረው። ሙሉ ምንጣፍ በየጥቂት ዓመቱ ይቀየራል። ስንጥቁን ጠግኖ ሊሾ ማድረግ አንድ ጊዜ ያስወጣል፣ ከዚያ ዓመታት ይቆያል። ለራሳቸው ኪስም የሚሻለው የቱ እንደሆነ የአምስተኛ ክፍል ሒሳብ ነው።

እንግዲህ ቤት የምትፈልጉ ይህን አድርጉ። ከመከራየታችሁ በፊት የምንጣፉን ጥግ አንሱና እዩ፣ አሽትቱም። አከራዩ «አይነሳም» ካለ መልሱን አግኝታችኋል። ወለሉ ባዶ ከሆነ ደግሞ አንድ ንጹሕ የፕላስቲክ ከረጢት ቁራጭ አራቱን ጠርዝ በፕላስተር ወለሉ ላይ ለጥፉና በማግስቱ እዩት፤ ከሥሩ ጤዛ ከቋጠረ ወለሉ እርጥበት ይስባል። ስትገቡ በስልካችሁ እያንዳንዱን ክፍል አንሱ፣ ለአከራዩም ላኩለት። ውሉ ላይ ሁለት መስመር አስጨምሩ፦ ስትገቡ ወለሉ ምን እንደነበረ፣ በአገልግሎት ብዛት የሚመጣ ማርጀት በተከራይ እንደማይታሰብ። የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ የምትከፍሉት ገንዘብ ነው።

አከራዮች፣ አባቶቼና እናቶቼ፣ ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። ሙጫውን ተዉት። ወለላችሁን አድርቁት፣ ጠግኑት፣ ባዶውን አከራዩት። ምንጣፍ መስጠት ከፈለጋችሁ የሚጠቀለል ስጡ። እመኑኝ፣ ተከራይ የሚሸሸው ባዶ ወለል አይቶ አይደለም፤ የተደበቀ ነገር ሲሸተው ነው።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ ግንባታ ላይ ያላችሁ ብዙ ናችሁ። ያቺን ፕላስቲክ አትዝለሏት። የዋጋዋ ነገር ከሲሚንቶው ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም፤ በላይዋ ግን ልጆች ይተኛሉ።

የምትቃወሙኝ ኮሜንት ላይ ጠብቁኝ፤ ግን መጀመሪያ ቤታችሁ ያለውን ምንጣፍ ጥግ ገልጣችሁ እዩና ኑ።